ነጥቡ ላይ ያልነበረችው ሴት

የበደለኝ ሰው ስሙ ደምሴ ነው። የበደለኝም እዚሁ ጉለሌ ውስጥ አብረን በምናስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ማስተማር በጀመርኩ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ በተደረገው የመምህራን ስብሰባ ላይ ነው። እኔ ሒሳብ፣ እሱ ፊዚክስ እናስተምር ነበር። ነገሩን ለማንም ዘርዝሬ ነግሬ አላውቅም፤ ለልጆቼም ቢሆን። አሁን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። እሱ በሕይወት ሳለ፣ የእኔም እጅ ሳይንቀጠቀጥ፣ የሆነው እንደሆነ ተጽፎ እንዲቀመጥ ስለፈለግሁ ነው።

ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ ነጥብ ርዝመትም ስፋትም የለውም ብዬ ጽፌያለሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እንዲያ ከሆነ ታዲያ የት ነው ያለው?» አለችኝ። ደወሉ ሊደወል ትንሽ ነው የቀረው። «የትም የለም» አልኳት። «ነጥብም፣ መስመርም፣ ቁጥርም እንደ ወንበር አንድ ቦታ ሄደሽ አታገኚያቸውም። እንዳሉ አድርገን እናስባለን፤ ይሠሩልናል።» ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ።

ስብሰባው ላይ ደምሴ ተነሣ። የምታስተምረው ነገር የለም ብላ ለተማሪ የምትናገር መምህርት የመጨረሻ ክፍል ልጆች ፊት መቆም አለባት ወይ ብሎ ጠየቀ። ሳይንስ በሙሉ የቆመው በሒሳብ ላይ መሆኑን፣ ያለ ቁጥር አንዲት ድልድይ እንደማትሠራ፣ ስለዚህ ቁጥር የለም ማለት ሳይንስ የለም ማለት እንደሆነ አብራራ። ጥሩ ተናጋሪ ነበር። አንድም ሰው አልተነሣልኝም። በሳምንቱ ለጊዜው የመማሪያ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ተመድበሻል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ለጊዜው የተባለው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ከግምጃ ቤቱ ነው።

የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የደምሴ ሚስት፣ ጫልቱ። አንድ ዓመት ሙሉ ከሥራ ነገር በቀር አላናገርኳትም። እሷም ስለ ባሏ አንድ ቀን ይቅርታ ብላኝ አታውቅም። ምሳዋን ግን በየቀኑ ለሁለት ከፍላ ታስቀምጥ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግማሹን መብላት ጀመርኩ።

ጫልቱ የእንጦጦ ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር ባሕር ዛፍ እየተሸከመች ነው ያደገችው። መጽሐፍ እየደረደርን ስለ ሸክሙ ትነግረኝ ነበር። ከሁሉ የማልረሳው ቆጠራውን ነው። እናቷ ከፊት ሆና በኦሮምኛ ትቆጥራለች፤ ልጆቹ ከኋላ ይቀበላሉ። መቶ በሞላ ቁጥር እናቲቱ አንድ ጠጠር ከግራ እጇ ወደ ቀኝ ታዛውራለች። ሸክም ከሚያነሡበት ምንጭ ተነሥተው አምስተኛው ጠጠር ሲዛወር ማረፊያው ይደርሳል። ማረፊያ ማለት ወገብ የሚያህል የአፈር ድልድል ነው። ሸክሙ ከጀርባ ሳይወርድ ድልድሉ ላይ ይደገፋል፤ አንዴ መሬት ከወረደ የሚያነሣው ሰው የለማ። «ከቆጠርሽ አይከብድም» ትለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ አዲስ መደርደሪያ ሊመጣ ነው ተባለና የግምጃ ቤቱን ርዝመት በእርምጃ ለካን። እሷ አሥር አለች፤ እኔ ሃያ። አንቺ ተሳስተሻል ስንባባል ተኮራረፍን፤ ከሰዓት በኋላ ሜትር ተውሰን ለካን፤ በዚያው ተረሳ። ይህን ያነሣሁት ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሸጎሌ በሚገኘው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ደምሴ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባሉት ስድስት ዓመታት መንገድ ላይ እንኳ አይቼው አላውቅም። ካፖርቱ ረጥቧል፤ ስልኩን እንደ ሻማ ከፊቱ ይዞታል።

«ጫልቱ ጠፋች» አለኝ።

እኔ ጋ አልመጣችም አልኩት። ይግቡም አላልኩትም። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ነገረኝ። ጫልቱ ማስታወስ ከተሳናት ሁለት ዓመት አልፏታል። ጠዋት እሱ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ እሷም ወጥታለች። ለፖሊስ አመልክቷል፤ ጎረቤቶቹ በታች በኩል እየፈለጉ ነው። ልጃቸው አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ስልክ ገዝታላት ነበር፤ የት እንዳለች በእሱ ስልክ ላይ ያሳያል፤ ከጠዋት ጀምሮ ግን ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ድምፁ ስለሚያስደነግጣት ዘግተውታል፤ ስለዚህ ቢደውልም አትሰማም። እኔ ቤት መጥታ እንደሆነ ብሎ እየመጣ ሳለ፣ መንገድ ላይ ነጥቡ ወጣለት። እንጦጦ ላይ ናት።

«ታዲያ እኔ ጋ ለምን መጡ? ነጥቡ ካለ ነጥቡ ጋ አይሄዱም?» አልኩት። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ አንተ ብዬው አላውቅም።

«እኔን ስታይ ትሸሻለች» አለ። «ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ባለፈው እጇን ብይዛት ሌባ ብላ ጮኸች። ጫካ ውስጥ ከሸሸችኝ አልደርስባትም። አንቺን ግን ታነሣሻለች። መምህርቷ ትጠብቀኛለች፣ መጽሐፍ ልናስረክብ ነው ስትል ነው ሰሞኑን የምትውለው።»

እውነቱን እንድጽፍ አይደል የተቀመጥኩት? መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ከሰው ሁሉ የእኔ በር ላይ ቆመ። ቀጥሎ ነው ዝናቡን ያየሁት። ሲመሽ እዚያ ላይ ብርዱም አለ፣ ጅቡም ይወርዳል። ነጠላዬን ጥዬ ሹራብ ደረብኩ፤ የዝናብ ጫማዬን አጠለቅሁ።

ኮንትራት ታክሲ አስቁሞ ነበር። ሽቅብ ስንወጣ መስተዋቱን ጭጋግ ሸፈነው። ደምሴ ዝም ማለት አልቻለም። ጉልበቱን ያርገበግባል፣ ስልኩን በየደቂቃው ያያል፣ ነጥቡን በጣቶቹ ያጎላል፤ ያወራል። ሳተላይቶቹ ላይ ያሉት ሰዓቶች ከእኛ ሰዓት ጋር እኩል እንደማይሄዱ፣ ልዩነቱ በስሌት ካልታረመ ነጥቡ በአንድ ቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚስት ይነግረኛል። ከዚያ የፈራሁትን አመጣው።

«ይኸው እንግዲህ ውድነሽ። ያ ስሌት ባይኖር ዛሬ ሚስቴን በየት በኩል እፈልጋት ነበር? ሳይንስ ያለሱ አንድ እርምጃ የማይሄድበትን ነገር የለም ማለት ይቻላል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ጨንቆት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት መልሱን ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«እርስዎ ዘጠነኛ ክፍል ሲያስተምሩ ፍትጊያ የሌለበት ወለል እያሉ አልነበረም የሚጀምሩት?» አልኩት። «ያለ እሱ ወለል አንዷን ሒሳብ እንኳ አይሠሯትም ነበር። ወለሉን አይተውት ያውቃሉ?»

«እሱ ማቅለያ ነው። እውነተኛው ወለል ፍትጊያ እንዳለው እናውቃለን።»

«ታዲያ ያስፈልገናል ማለትና አለ ማለት አንድ አይደለማ። የእኔ ነጥብም ማቅለያ ነው ብለው ቢያልፉኝ ምን ነበረበት?»

ሹፌሩ በመስተዋቱ አየን። «እማማ፣ አባባ፣ የጠፋ ሰው ነው አይደል የምንፈልገው?» አለ። ሁለታችንም አፈርን።

ጫልቱ ትነግረኝ ከነበረው ምንጭ አጠገብ ወረድን። ሹፌሩ መንገዱ ላይ ሊጠብቀን ተስማማ። ወደ ጫካው ስንገባ ጭጋጉ ከዛፎቹ አናት ወርዶ ግንዳቸው መሐል ቆሟል። ደምሴ ስልኩን እያየ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ይንሸራተታል፤ ይነሣል። እኔ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እዚህ ነው» አለና ቆመ። ሰባት ስምንት ባሕር ዛፎች፣ የረጠበ ቅጠል፣ ሌላ ምንም። «እዚህ ነች» አለ ደግሞ። በዛፎቹ ዙሪያ ዞረ። ጫልቱ ብሎ ተጣራ፤ ድምፁ እንዳያስሸሻት ብሎ አፉን ያዘ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች፣ ተመልሶ እዚያው። መሬቱን በጫማው እስከ መጫር ደረሰ። እንዲያ ሲሆን ማየት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም።

«ስልኩን ያምጡት» አልኩት።

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። መሐል ላይ ነጥቡ አለ፤ ከነጥቡ ዙሪያ እስከ ስልኩ ጠርዝ ድረስ ሁሉም ነገር ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። የካርታው ቀለም መስሎት ኖሯል። በሁለት ጣቴ ሥዕሉን ሰበሰብኩት። ሰማያዊው ጠርዝ አወጣ፤ ክብ ሆነ። ክቡ ውስጥ እኛ የቆምንበት አለ፤ ምንጩ አለ፤ ከምንጩ በታች ያለው ገደላገደል አለ፤ ሹፌሩ የቆመበት መንገድም ሳይቀር አለ። ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነጥቡን ሲያጎላ፣ ሲያጎላ ክቡን ከስልኩ አስወጥቶታል።

«ስልኩ እዚህ ነች አላለህም» አልኩት፤ አንተ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። «እዚህ ክብ ውስጥ የሆነ ቦታ ናት፣ ከዚህ በላይ አላውቅም ነው ያለህ። ነጥቡ መሐሉን ማሳያ ነው። ነጥቡ ላይ ሰው የለም።»

ስልኩን ተቀበለኝ፤ አየው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ሠላሳ ዓመት ስለ ልኬት ስሕተት ያስተማረ ሰው ነው። «ይህን ሁሉ እንዴት እናዳርሰዋለን? ይመሻል» አለ።

ያኔ ነው ቆጠራው ትዝ ያለኝ። መጽሐፍ ልናስረክብ ነው ትበል እንጂ እግሯ የሚያውቀው ሌላ መንገድ ነው። ወደ ምንጩ ተመለስን። ከእሱ ቁልቁል የሚወርድ የድሮ የእግር መንገድ አለ፤ ሣር ውጦታል፣ ግን አለ። ሸክም ያላት ልጅ እንዴት እንደምትራመድ ገምቼ ጎንበስ አልኩ፤ እርምጃዬን አሳጠርኩ። ጠጠሮች በግራ እጄ ያዝኩ። መቁጠር ጀመርኩ።

ደምሴ ከኋላዬ ነው። ሁለተኛው መቶ ላይ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣ። «ቁጥር የለም ያልሽው ሴትዮ ይኸው በቁጥር እየመራሽኝ ነው» አለ።

«ዝም በል። ታስጠፋኛለህ» አልኩት።

አምስተኛውን ጠጠር አዛወርኩ። ቀና አልኩ። ድልድል የለም። ግራም ቀኝም ሜዳ ነው፤ የተቆረጠ ጉቶ፣ ጭጋግ። ብርሃኑ እየቀነሰ ነው። «አለፍነው?» አለ ደምሴ። አላለፍንም። «ገና ነው?» አላውቅም። ጠጠሮቹን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ተሳስቼ ከሆነ አንዲትን ሴት በስሌቴ ልገድል ነው። አስታውሳለሁ፣ ያኔ የጠላሁት ደምሴን አልነበረም፤ አምስት መቶን ነበር። ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ እኔም በትክክል ቆጥሬያለሁ፤ ድልድሉ ግን የለም።

ከዚያ ግምጃ ቤቱ ታየኝ። እሷ ከወዲያኛው ግድግዳ ቆማ አሥር፣ እኔ ከወዲህኛው ሃያ። ስትራመድ አየኋት፤ ቀኝ እግሯ መሬት ሲነካ ብቻ ነበር ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው። ተሸካሚዎቹ የሚቆጥሩት በቀኝ እግር ብቻ ነው። ግራው ሳይቆጠር ይከተላል። የእነሱ አምስት መቶ የእኔ ሺህ ነው።

«ገና ግማሽ ላይ ነን» አልኩት።

ጠጠሮቹን ወደ ግራ እጄ መልሼ፣ በቀኝ እግሬ ብቻ እየቆጠርኩ እንደ ገና ወረድኩ። ሁለት መቶ ከቆጠርኩ በኋላ መንገዱ ተጠማዘዘ። ሦስተኛውን ጠጠር ሳላዛውር በኦሮምኛ የሚቆጥር ድምፅ ሰማሁ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር...»

ጫልቱ ድልድሉን ተደግፋ ቆማለች። አልተቀመጠችም። ጀርባዋን ወደ አፈሩ ጣል አድርጋ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ የሌለ ገመድ ይዛለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። አንድ እግሯ ባዶ ነው። እንዲያ ሆና ትቆጥራለች። ደምሴ ወደፊት ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝኩት። አይታው ነበር፤ ትከሻዋን ሰበሰበች፤ ቆጠራዋም ፈጠነ።

ብቻዬን ሄድኩ። «ጫልቱ» አልኳት። ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

«ቲቸር» አለች። «ሸክሜን ማን ያግዘኛል?»

«እኔ ነኛ።»

ከኋላዋ ዞሬ እጄን ከጀርባዋ ሥር አስገባሁና ወደ ላይ ደገፍኩ፤ ምንም የሌለውን። ቀና አለች። ሹራቤን አውልቄ አለበስኳት። አልሄድም ብላ እንደ ገና ከቶኮ ጀመረች። ደምሴ ከኋላ ሆኖ በሹክሹክታ «ምንድን ነው የምትቆጥረው? አልተራመደችም እኮ» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። «ቁጥር ነው የምትቆጥረው።»

ይህንን ስል የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። ከአፌ የወጣው፣ ቁጥርን እንዳለ ነገር መጥራት፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት ሊባል አይችልም ያልኩት ነገር ነው። ይህች ሴት የባሏን ስም አታውቅም። የልጆቿን ፊት አታውቅም። ከሰባት በኋላ ስምንት እንደሚመጣ ግን ታውቃለች፤ እያንቀጠቀጣት እንኳ አንዷን አታሳልፍም።

እጇን ያዝኩና አብሬያት ቆጠርኩ፤ ከግምጃ ቤቱ የተማርኩትን ኦሮምኛ እየለቃቀምኩ። ቀኝ እግሯ ተነሣ። ሽቅብ ሄድን። ደምሴ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለናል። ሦስተኛው መቶ ላይ እሱም በዝግታ መቁጠር ጀመረ። አልሸሸችውም። መንገዱ ስንደርስ ሹፌሩ ማሞቂያውን ከፍቶ ጠበቀን።

ቤታቸው ስንደርስ ልጃቸው እያለቀሰች ተቀበለችን፤ እናቷን ወደ ውስጥ አስገባች። እኔና ደምሴ በረንዳው ላይ ቀረን። መሄድ ነበረብኝ። ግን አንድ ጥያቄ አላስወጣኝም።

«ስለ ነጥብ ያልኩት ያን ያህል ያሳሰበህ ለምን ነበር?» አልኩት።

የረጠበ ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረው። «አላሳሰበኝም» አለ። «ስለ ነጥብ ግድም አልነበረኝም። የትምህርት ዘርፍ ኃላፊነቱ ክፍት ሊሆን ነበር። ከእኔ ሌላ የታጨሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ምክንያት እፈልግ ነበር፤ አንዲት ተማሪ ያልሽውን ስታወራ ሰማሁ።»

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ይቅር ተባባልን ብዬ እንድጽፍ ከጠበቃችሁ አልሆነም። አሥራ አንድ ዓመት ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከዚያም ስድስት ዓመት በጡረታ፣ ከሰውዬው ጋር በልቤ ስከራከር ኖሬያለሁ። ክርክር መስሎኝ ነበር። ለካ ብቻዬን ነበርኩ። የባሰው ደግሞ ሌላው ነው፤ ያቺ ተማሪ ስትጠይቀኝ የመለስኩላት ደወሉ ሊደወል ስለነበር ነው። አስቤበት አልነበረም። እምነቴ ያደረግሁት ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ ነው፤ እሱ አለ ስላለ እኔ የለም አልኩ። በቂም ያመንኩትን በእውቀት ያመንኩት መስሎኝ ነበር።

ቁጥር አለ ወይ ብትሉኝ ዛሬ አላውቅም። ሒሳቡ ባይኖር እንጦጦ ላይ መሆኗን አናውቅም ነበር፤ ይህን አልክድም። ሒሳቡ ያሳየን ነጥብ ላይ ግን ሰው አልነበረም። የሰጠን ክብ ነው፤ ከዚያ በላይ የሰጠን የመሰለን እኛ ስላጎላነው ነው። ሳይንስ ያለ ቁጥር አይሄድም፤ ስለዚህ ቁጥር አለ የሚል ሰው ቢገጥመኝ አሁንም ስለ ወለሉ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ግን ጫልቱ ትታየኛለች። ከአንድ ሰው ላይ ሁሉም ነገር ሲሄድ ያልሄደውን ነገር የለም ለማለት እንደ ድሮው አፌ አይፈታም። የሚያበሳጨኝም እሱ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ከእጄ ወጣ፤ በምትኩ የመጣ ነገር የለም። ሌሊት እነቃለሁ፤ ለራሴ ሁለቱንም ወገን እመልሳለሁ፤ አንዳቸውም አያሳርፉኝም።

በማግስቱ ወደ ደምሴ ቤት ተመልሼ በረንዳው ላይ የነገረኝን በእጁ እንዲጽፈው አደረግሁ። ጻፈ፤ ፈረመ። ወረቀቱን ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰድኩና ከፋይሌ ጋር እንዲያያዝ አመለከትኩ። ያሉት ሠራተኞች አዲሶች ናቸው፤ ማንነቴንም አያውቁም፤ ማኅተም መትተው ተቀበሉኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከጫልቱ ጋር በግቢያቸው ዙሪያ እየቆጠርን እንሄዳለን። ደምሴ ሻይ ያቀርብልኛል። አልጠጣም።